የካንጂ ቤት ሩዝ ይሞቃል

«ካንጂ ቤት? ያምሃል እንዴ ሳኩዞ! ሩዙ እንኳ ይሞቃል እኮ!» አለች ኪዮኖ፣ የሻይ ስኒዋን ቋ አድርጋ አስቀምጣ።

«እትዬ ኪዮኖ፣ ሩዙ ካልሞቀ ምኑን ሱሺ ሆነ? በረዶ መብላት ካማረዎት ጥድ ቤት ይሂዱ።»

«እሱንማ ነው የምልህ! ጥድ ቤት ነው የምንሄደው። የወንድሜን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው የተቀደደ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ቴሌቪዥን እየጮኸበት ዓሣ አላበላም።»

ወንድሟ ቶኩጂ በጥቁር ሪባን ከታሰረው ፎቶግራፍ ውስጥ ሆኖ ይሰማቸዋል። ከፎቶው ሥር አጥንቱ ያለበት ነጭ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ከማሰሮው ፊት የዕጣን እንጨት ይጨሳል። እኛ የወደቡ ሰዎች እንግዲህ እንዲህ ነን። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስለ ምሳ እንጣላለን። በእርግጥ ነገሩ ወግ አለው። ሰው የሞተበት ቤት እስከ ሰባተኛው ቀን ዓሣ አይቀምስም፤ በሰባተኛው ቀን ግን ጸሎቱ ሲያበቃ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ዓሣ ይበላል። ይህን የመፈሰኪያ ምሳ ጥሬ ዓሣ በሩዝ ከሚያቀርቡት ሁለት ሱሺ ቤቶች፣ ከካንጂ ቤትና ከጥድ ቤት፣ በየትኛው እንብላ ነው ጭቅጭቁ። ፀጉር አስተካካዩ ሳኩዞ የሟቹ የልብ ጓደኛ ስለሆነ «ቶኩጂ ካንጂ ቤትን ይወድ ነበር» ይላል። ኪዮኖ ደግሞ «ወንድሜ የሚወደው ነገር ሁሉ ሰው ፊት ይቀርባል ማለት አይደለም» ትላለች።

የቶኩጂ ሚስት ሂሳኤ ከዕጣኑ አጠገብ ተንበርክካ የሚሉትን ትሰማለች፤ ደግሞም አትሰማም። ቶኩጂ ከሞተ ጀምሮ ከባሕሩ የወጣው ጉም ከከተማችን አልተነሣም። ጀልባዎቹ የማይታዩ ሆነው ከውስጡ ያምባርቃሉ። ሂሳኤ እንቅልፍና ንቃቷ ተደባልቆባታል። ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋና ቶኩጂን በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ታየዋለች። ያቺ ሰማያዊ ቆቡ ራሱ ላይ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ካንጂ ቤት ሲሄድ እንዲህ ነበር የሚወጣው፤ «ሐሙስ ነው እንዴ?» ልትለው አፏን ስትከፍት ትነቃለች፤ በሩም ባዶ ነው።

እውነቱን ለመናገር የምሳው ነገር ሂሳኤን አላሳሰባትም። ያሳሰባት ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ናት።

ልጇ ናጊሳ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጥታለች። ማን እንደነገራት አይታወቅም። ከቤቱ ማንም ስልክ አልደወለላትም፤ ስልኳንም የሚያውቅ አልነበረም። አስከሬኑ ገና ሳጥን ሳይገባ በጥቁር ቀሚስ በር ላይ ቆማ ተገኘች። እጅ ነሣች፤ ሽርጥ አሸረጠች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምራ ሻይ ታቀርባለች፣ ስኒ ታነሣለች፣ ታጥባለች። ከሰባተኛው ቀን ምሳ በኋላ በማታው ጀልባ እንደምትሄድ ለኪዮኖ ግቢ ውስጥ ነግራታለች።

ግቢ ውስጥ ነው የነገረቻት። ምክንያቱም ቤት ውስጥ አትናገርም። እንግዳ ሲያናግራት በፈገግታ ወይ በራሷ ትመልሳለች። ለቅሶተኛው «ምስኪን፣ ኀዘን አፏን ዘጋው» እያለ ከንፈሩን ይመጣል። የዘጋው ኀዘን እንዳልሆነ የምታውቀው ሂሳኤ ብቻ ናት።

ያን ቀን፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ሦስቱም ካንጂ ቤት ነበሩ። ናጊሳ የመምህራን ኮሌጅ መግቢያ ፈተና አልፋ ደስታ ሆኖ ነው። ሂሳኤ ያችን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። እናቷ ዕድሜዋን በሙሉ ዓሣ ገበያ ውስጥ አንጀት ስትዘረግፍ ኖራ፣ ክረምት ክረምት ጣቶቿ እየተሰነጠቁ ደም ሲወጣቸው አይታለች። «ልጄ ነጭ ጠመኔ እንጂ ዓሣ አትይዝም» ብላ ስንት ዓመት ጎረቤት አሰልችታለች። ታዲያ ልጂቱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከዋጠች በኋላ ቀና ብላ፣

«እማ፣ ኮሌጅ አልገባም። ሱሺ መሥራት ነው የምፈልገው። ጋሼ ካንጂ ላስተምርሽ ብለውኛል» አለች።

በዚያን ጊዜ ሱሺ የሚሠራው ወንድ ነበር። የሴት እጅ ይሞቃል፣ ዓሣ ያበላሻል ይባላል። ሂሳኤም ተነሥታ ቆመች፤ ባለቤቱ፣ ደንበኛው፣ የመንደሩ ወሬኛ ሁሉ እየሰማ፣ «የዚህ ቤት ሩዝ ድሮም ይሞቃል! የሴት እጅ ሲጨመርበት ገንፎ ሊሆን ነው!» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ካንጂ አንገቱን ደፍቶ ቢላዋውን ጠረገ። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ቤት ሲደርሱ ልጂቱ ሻንጣዋን ስታነሣ ሂሳኤ በር ላይ ቆማ፣ «ከዚህ በር ከወጣሽ ድምፅሽ እንኳ ተመልሶ እቤቴ እንዳይገባ!» አለቻት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ናጊሳ እናቷን ቃል በቃል ታዘዘች። አሁንም ይኸው በእግሯ ገብታ ድምፅዋን ውጭ ትታዋለች። ሂሳኤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያችን ቃሏን መልሳ መዋጥ። ልጂቱ እንደ መጀመሪያው ሳትሄድባት አንድ ነገር ማለት አለባት። ግን ምን ትበል? በቀን አሥር ጊዜ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ትሄድና፣ «ሻይ አለ?» ብላ ትመለሳለች።

ይባስ ብሎ በቆቡ ነገር ተቀይማታለች። ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ሂሳኤ የቶኩጂን ሰማያዊ ቆብ ራሱ ላይ አደረገችለት። አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር ሲጠግን ከራሱ ያልወረደች ቆብ ናት። ናጊሳ ግን ጠጋ ብላ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ቆቡን ከራሱ አንሥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችው። «እኔ ያደረግኩትን ሁሉ ታፈርሳለች» አለች ሂሳኤ በልቧ። በማግስቱ አስከሬኑ ተቃጥሎ አጥንት ሲለቀም፣ እንደ ደንቡ እናትና ልጅ አንዷን ትንሽ አጥንት በሁለት የመብያ እንጨት ከሁለት ወገን ያዙ። አብረው አነሡ፤ አብረው ማሰሮው ውስጥ ጨመሩ። የእንጨቶቹ ጫፍ ተነካካ፤ ዓይናቸው ግን አልተገናኘም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካንጂ ራሱ መጣ። አርጅቷል። በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ሳጥን ይዞ፣ ዕጣን አጭሶ፣ ፎቶው ፊት ብዙ ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ ቢጫ የእንቁላል ጥቅል ብቻ ነው።

«እንቁላል?» አለች ኪዮኖ ለአጠገቧ ሴትዮ፣ ሹክሹክታዋ ግን እስከ መንገድ ይሰማል። «ባለሱሺ ቤት ተብዬው ለሟች እንቁላል ይዞ መጣ? እኔ ምን አልኩ!»

«ከዓሣ ጾም ላይ እኮ ነን፤ ዓሣ እንዲያመጣልዎት ነው?» አላት ሳኩዞ ከዚያ ማዶ።

ሂሳኤ ግን እንቁላሉን ስታይ፣ ቶኩጂ ዓሣ እንደማይበላ ካንጂም እንደሚያውቅ ገባት። ካንጂ ሲወጣ እስከ ግቢው ሸኘችው። እዚያ ካለው ተርኪም ከሚባል የፍሬ ዛፍ ሥር ስትደርስ ቆመች። ጉሙ ቅርንጫፎቹን ውጦ ብርቱካንማ ፍሬዎቹ ብቻ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ከወጥ ቤቱ መስኮት የሰሃን መንቋቋት ይሰማል።

«ጋሼ ካንጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይደብቁኝ። ማናት?»

«ማን ማናት?»

«ሐሙስ ሐሙስ እርስዎ ቤት የሚያገኛት ሴት። ቶኩጂ ጥሬ ዓሣ በአፉ አይዞርም። ሳቀርብለት ለድመቷ ነው የሚሰጠው። እርስዎ ጋ ሄዶ ሲመጣ ግን ፊቱ በርቶ ነው የሚመጣው። 'ምን በላህ?' ስለው 'ቱና ዓሣ' ይለኛል። እኔን ነው የሚያታልለው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዓሣ የማይወድ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ሱሺ ቤት የሚመላለሰው ለሴት ካልሆነ ለምንድን ነው? አሁን ሞቷል፤ አልጣላውም። እንደው ስሟን ብቻ ይንገሩኝ።»

 ካንጂ በአገጩ ወደ መስኮቱ ጠቆመ።

«ያቻትልዎት፤ ሰሃን እያጠበች ነው» አለ።

ሂሳኤ መስኮቱን አየች። እንፋሎት የሸፈነው መስታወት ውስጥ የልጇ ትከሻ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«እርስዎ 'ድምፅሽ እቤቴ አይግባ' አሏት» አለ ካንጂ። «እሷ እኔ ቤት መደወል ጀመረች። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ሳስ ሲል። ያቺ ሮዝ ስልኬ ትዝ ትልዎታለች? ጥግ ላይ ያለችው። ቶኩጂ ከሥሯ ያለውን ወንበር ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ዓሣማ ምን በላ! እንቁላልና ኪያር፣ እንቁላልና ኪያር። ግን ስልኬን የሚይዝበትን ውለታ ሊመልስልኝ ብሎ ይሆን፣ ሰው ሁሉ ፊት 'የካንጂን ቱና የሚያህል የለም' እያለ ያወራልኛል። ግማሹን ደንበኛዬን ያመጣልኝ ዓሣዬን ቀምሶት የማያውቅ ሰው ነው።»

«ሳኩዞም?»

«ሳኩዞም።»

ሂሳኤ ሳታስበው ሳቅ አመለጣትና ወዲያው እንባዋ መጣ። በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«ምን ያወሩ ነበር?»

«እኔ ቢላዋዬን እስላለሁ፤ አልሰማም» አለ ካንጂ። ዋሽቷል፤ ሁሉንም ነው የሚሰማው። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ስልኩ ሲጠራ ቶሎ አያነሣም። መጀመሪያ ቆቡን ያወልቃል፤ ጉልበቱ ላይ ያደርጋታል። ከዚያ ያነሣና 'ቆቤን አውልቄያለሁ፤ ተናገሪ' ይላታል። ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚጀምሩት። ከዚያ እሷ ስትስቅ እኔ ድረስ ይሰማኛል። ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ አሁን የራሷ ሱሺ ቤት አላት፤ ጠባብ ናት ግን ሰው ይሰለፍባታል። የሞተ ዕለትም የደወልኩላት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

እጅ ነሥቶ ወደ ጉሙ ገባ። ሂሳኤ ተርኪሙ ሥር ቆማ ቀረች። ቆቡ ጉልበቱ ላይ። ልጂቱ ያፈረሰችው ነገር አልነበረም፤ አባቷን ለጨዋታ አዘጋጅታው ነው። «ወይ እኔ!» አለች ሂሳኤ።

ቤት ገብታ ለቅሶተኛው መሐል ቆመችና፣ «ምሳው ካንጂ ቤት ነው» አለች።

«ሂሳኤ!» አለች ኪዮኖ። «አንቺ ነሽ እኮ 'ገንፎ' ያልሽው!»

«ነኝ» አለች ሂሳኤ። ወጥ ቤት ውስጥ የሰሃኑ ድምፅ ቀጥ አለ።

ሐሙስ ነበር ሰባተኛው ቀን። መነኩሴው ጸሎቱን ጨርሶ ሲሄድ ሁላችንም ጥቁራችንን ለብሰን፣ በጉሙ ውስጥ አንዳችን የሌላውን ጀርባ እየተከተልን ወደ ካንጂ ቤት ወረድን። ካንጂ ለክብራችን ብሎ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሲል ሳኩዞ «ተው፣ ቶኩጂ ግር ይለዋል» አለውና ድምፁ ብቻ ተቀነሰ። ሂሳኤ ማንንም ሳትጠይቅ ሮዟ ስልክ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የወንበሩ ቆዳ በፕላስተር ተለጥፏል፤ መሐሉ በአንድ ሰው ልክ ጎድጉዷል።

«ናጊሳ፣ ጉልበቴ ዛሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ ካንጂ፤ ለዓሣው ለራሱ የሚናገር ይመስል። «እጅሽን ታጠቢና ነይ።»

ናጊሳ እናቷን አየች። ሂሳኤ ጠረጴዛውን አየች። ልጂቱ እጅጌዋን ሰብስባ ከባንኮኒው ወዲያ ገባች። ስትሠራ ያየናት ያን ቀን ነው። እጇ አይጣደፍም። ሩዙን ታነሣለች፣ አንዴ ጨበጥ፣ አንዴ ዞር፣ ዓሣው ይተኛበታል። ድምፅዋንም ያን ቀን ሰማነው፤ ከእናቷ ቤት ውጭ ናታ! «ለጋሼ ሳኩዞ የሚያቃጥለውን ዋሳቢ ልጨምር?» ትላለች፣ ወፈር ያለ፣ ሳቅ ያለበት ድምፅ።

«ዓሣው ደኅና ነው» አለች ኪዮኖ አምስተኛውን ስትውጥ። «ሩዙ ግን የጥድ ቤት ይሻላል። ያንን ደግሞ አቀብለኝ።»

«አምስት በልተው ነው ፍርድ የሚሰጡት?» አለ ሳኩዞ።

«ሳይቀምሱ ከመፍረድ ይሻላል!»

ሳኩዞ ደረቱን ነፍቶ፣ «ቶኩጂ እኮ የዓለምን ቱና ቀምሶ ነው ይሄን ቤት የመረጠው» አለ። ካንጂና ሂሳኤ ተያዩ። ምንም አላሉም፤ ሟች የሰጠውን ምስክርነት ማን ይቀማል?

ናጊሳ አንድ የእንቁላል ሱሺ ሠርታ እናቷ ፊት አኖረች። ሂሳኤ በእጇ አነሣችው። ሩዙ ጣቷ ላይ ለብ አለ። አፏ ውስጥ ሲፈታ የሰው ገላ ሙቀት አለው፤ በብርድ ቀን ከውጭ ገብቶ የተኛ ልጅ ጉንጭ እንደ መንካት። ከስንት ቀን በኋላ ሰውነቷ ተፍታታ፤ ደስ አላት፤ «እንዴት ደስ ይላል» ልትል ፈለገች። አፏ ግን የለመደውን ቃል አወጣ።

«ይሞቃል» አለች።

የናጊሳ እጅ አየር ላይ ቀረ።  ያኔ የነበርን ሰዎች ያኔ የተባለውን አልረሳንም። ሂሳኤ ልታስተካክል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ስለቀደማት ፊቷን አዞረች፤ የባሰ የተቆጣች መሰለች። ልጂቱ «እሺ፣ እማ» ብላ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ሽርጧንም ፈትታ ለካንጂ መለሰችለት። ሂሳኤ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጇን በዚያው ቤት፣ በዚያው ቃል፣ ሁለተኛ አባረረቻት።

ወደብ ላይ የሸኘቻት ብቻዋን ነው። የጀልባው መብራት ጉሙ ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ይታያል። ተሳፋሪዎች ይገባሉ። ናጊሳ ሻንጣዋን አነሣች፣ እጅ ነሣች፣ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«ናጊሳ!»

ዞር አለች።

ሂሳኤ ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው ነው የመጣችው። አንዱም አልመጣላትም።

«የአባትሽ ወንበር» አለች በመጨረሻ፣ «ባዶውን መቅረት የለበትም። ሐሙስ ሐሙስ እኔ እቀመጥበታለሁ።»

ናጊሳ ቆማ አየቻት።  ጉሙ መጀመሪያ ሻንጣዋን፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ጀልባውን ወሰደ።

ቀጣዩ ሳምንት ረጅም ነበር። ሂሳኤ ዕጣን ታጭሳለች፣ ታንቀላፋለች። ቶኩጂ በሩ ላይ ጫማውን ሲያስር ታየዋለች፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ «ነይ እንጂ፣ ረፈደ እኮ» ያላት መሰላት። ኪዮኖ መጥታ የካንጂን ሩዝ አምታ፣ ሳኩዞ መጥቶ አሞግሶ ሄዱ። እነሱ ሲሞቱም አይስማሙም።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ሁለተኛው ሰባት ሲሞላ፣ ሐሙስ፣ ሻሿን አስራ ወጣች። ካንጂ ቤት ደንበኛ ሳስ ብሏል፤ ሳኩዞ ብቻ ቴሌቪዥን ላይ የግብግብ ውድድር ያያል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካንጂ ሳትጠይቀው እንቁላልና ኪያር አቀረበላት። እንቁላሉን በላች። ሮዟ ስልክ ዝም አለች። ኪያሩን በላች። ሻይዋ ቀዘቀዘ፤ ካንጂ ሌላ ቀዳላት፤ ያም ቀዘቀዘ።

«አንዳንዴ ትዘገያለች» አለ ካንጂ ሳይጠየቅ።

«ማን ነገረዎት እኔ ስልክ እንደምጠብቅ? ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት።»

«እሱማ ነው።»

መስኮቱ ውጭ ጉሙ እየሳሳ የአንዲት ጀልባ አፍንጫ ታየ። ሂሳኤ ሒሳቧን ከፍላ ለመነሣት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

ሳኩዞ ተንጠራርቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ካንጂ ጀርባውን አዙሮ ስለት የማያስፈልገውን ቢላዋ መሳል ጀመረ። ስልኩ ይጮሃል። ሂሳኤ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበች። የሻሿን ቋጠሮ ፈታች፤ አወለቀች፤ አጠፈችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ነጭ ፀጉሯ ተበታትኖ ታየ። ከዚያ አነሣች።

በዚያኛው ጫፍ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሻሼን አውልቄያለሁ» አለች ሂሳኤ፤ «ተናገሪ።»